ውሃ የማትለምን ጽጌረዳ

«አገር በዚህ ሁሉ ጉድ ተወጥሮ እናንተ ስለ አበባ ልትጽፉ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎ፣ ልንጽፍ ነው። ስለ አበባ ብቻ ግን አይደለም። ስለ ውሃም ነው፤ ውሃ ስለሚያመላልስ ሰው ወገብም ነው። እስቲ ታገሡን።

በመጀመሪያ «እኛ» የምንለው እነማን እንደሆንን እንናገር። ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነን። ተወልደን ያደግነው ሐይቅ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን «ሐይቅ ነው ያደግነው» ስንላቸው «የትኛው ሐይቅ?» ይሉናል። ስሙም ሐይቅ፣ ነገሩም ሐይቅ የሆነው ሐይቅ ነዋ! ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምታገኙት፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ዛሬ አንዳችን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዳችን ኮምቦልቻ፣ አንዳችን ደሴ ነን። ሦስታችንም ግን «ግቢ» ሲባል የሚመጣብን የእናታችን ግቢ ነው።

ግቢው ተዳፋት ነው። ቤቱ ከላይ፣ መንገዱ ከታች፣ መሃሉ ዶሮ እንኳ ተጠንቅቃ የምትወርደው ቁልቁለት። ከላይ በር ላይ እናታችን ቀይ ጽጌረዳዎች ነበሯት፤ አሥራ አንድ እግር፣ በሰልፍ። አበባ እርሻ ይሠራ የነበረ ዘመዳችን ያመጣላት ነው። ቆንጆዎች ናቸው፤ አንክድም። የዓመት በዓል ፎቶዎቻችን ሁሉ ከእነሱ ፊት የተነሣናቸው ናቸው። ነገር ግን ቀይ ጽጌረዳ እንደ ሙሽራ ነች፤ ተንከባካቢ ትፈልጋለች። ለእያንዳንዷ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ባልዲ፣ አምስት ሊትር እንበለው። አሥራ አንዱን ስታባዙት በሳምንት 110 ሊትር፣ ማለትም አምስት ጀሪካን ተኩል ይመጣል። ቧንቧው ሲመጣ ቀላል ነው። ቧንቧው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በበጋ ያ 110 ሊትር የሚመጣው በጀርባ ነው፤ ወይ በእናታችን ጀርባ፣ ወይ ገንዘብ ተከፍሏት በምትሸከም ሌላ ሴት ጀርባ። እኛ ለእረፍት ስንመጣ ሦስት ቀን እንሸከምና አራተኛው ቀን ላይ «አይ ይህ አበባ!» እንላለን። እሷ ዓመቱን ሙሉ አትልም።

ከቤቱ በታች ያለው ቁልቁለት ደግሞ ራቁቱን ነበር። በየክረምቱ ጎርፉ ይልሰዋል፤ አፈሩ ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል። ሰርዶ ሣር ይተከል ብንል፣ ሣርም አረንጓዴ ሆኖ በጋውን እንዲከርም ውሃ ይጠጣል። በደንጊያ ይሠራ ብንል ገንዘብ። እናም አንድ ቀን ከመካከላችን ኢንተርኔት ላይ ሲያፈጥ የሚያመሸው (እያንዳንዱ ቤት አንድ አለው) ፎቶ ይዞ መጣ። አንድ ሙሉ ተዳፋት በሮዝ አበባ ተሸፍኗል፤ መሬቱ አይታይም። «ጽጌረዳ ነው» አለን። አላመንነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጽጌረዳ ሲባል የምናስበው ቀጥ ብላ የቆመችውን፣ ጫፏ ላይ ትልቅ አበባ የተሸከመችውን ነው። የፈረንጅ አትክልተኞች ግን ሌላ ዓይነትም አላቸው፤ ከጉልበት ብዙም የማትበልጥ፣ ቅርንጫፏን መሬት ለመሬት የምትዘረጋ፣ ትንንሽ አበባ በዘለላ የምታወጣ፣ አፈሩን ሸፍና አረሙን የምታፍን። በዓመት አንዴ ብትገርዟት ይበቃታል። መድኃኒት ርጩልኝ፣ የጠወለገ አበባዬን በየሳምንቱ ልቀሙልኝ አትልም። ከሁሉ የታወቀችው ጀርመናዊው ወርነር ኖአክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣት «ፍላወር ካርፔት» ናት፤ የአበባ ምንጣፍ እንደ ማለት። ሰውየው የፈለገው ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለውን የጽጌረዳ በሽታ የምትቋቋም ዝርያ ነበር። ይህ በሽታ ፈንገስ ነው፤ ውሃ ቅጠል ላይ ሲያድር ይራባና ቅጠሉን ሁሉ ያረግፈዋል። ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ መርጨት የሰለቻቸው በእሱ ምክንያት ነው።

የእነዚህ መሬት ለመሬት የሚሄዱ ጽጌረዳዎች የብዙዎቹ ዘር ሲቆጠር አንዲት የምሥራቅ እስያ የዱር ጽጌረዳ ላይ ይደርሳል። ሮዛ ዊቹራና ትባላለች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ውስጥ በሰበሰባት በማክስ ዊቹራ ስም የተጠራች ናት። አበባዋ ነጭ ነው፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው። ቅርንጫፏ መሬት በነካበት ሥር ትሰዳለች። ይህችን ነጭ አበባ ያዙልን፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ስም ማውጣት ሊኖርብን ነው። «መሬት ሸፋኝ ጽጌረዳ» ብለን ሞከርን፤ የመንገድ ሥራ ዕቃ መሰለን። «ተሳቢ ጽጌረዳ» ብንል ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨብን። በትርጉም መጠንቀቃችን ያለ ነገር አይደለም። ውጫሌ ጎረቤታችን ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ መጨረሻው ዐድዋ ስለሆነ፣ የእኛ አካባቢ ሰው በትርጉም አይቀልድም። «ምንጣፍ ጽጌረዳ» ብለን ተስማማን።

ስሙ ተገኘ፣ ተክሉ ጠፋ። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ሄደን ጠየቅን። ሁሉም «አለ» ይላሉ። ይዘው የሚመጡት ግን ያው ቆማ የምታብበዋን ነው። ዝርያዋ ምን ይባላል ስንል «ቀይ» አሉን። በነገራችን ላይ ይህ የሚደንቅ ነው። ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት፤ ከምትልከውም ዋናው ጽጌረዳ ነው። ባቱ፣ ሆለታ፣ ሰበታ ያሉት የፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ በየቀኑ የሚቆረጠው አበባ በአውሮፕላን ሆላንድ ይደርሳል። ዝርያዎቹ ውጭ አገር የተፈጠሩ ናቸው፤ እርሻዎቹ ለፈጣሪዎቻቸው ኩባንያዎች የባለቤትነት ክፍያ ይከፍላሉ። እና ይህ ሁሉ ጽጌረዳ ባለበት አገር ለአንድ ተዳፋት የሚሆን ጠፋ።

እዚህ ላይ ወደ አምባሰል እንውጣ። እናታችን የአምባሰል ልጅ ናት፤ ታላቅ እህቷ አሁንም ከውጫሌ በላይ ተራራው ጥግ ትኖራለች። አምባሰልን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በቅኝቱ ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ ነውና። በየዓመቱ መስከረም 21 ወደ ግሸን የሚወጡት ደግሞ በመንገዱ ያውቁታል። ስሙን ከማር ጋር የሚያያይዙትም አሉ፤ በዐረብኛ «ዐሰል» ማር ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አክስታችንን ልንጠይቅ ወጣን። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲያበቃ እግራችንን ልናፍታታ ወደ እርሻው ዳር ሄድን። ከደንጊያው እርከን ላይ አንድ ነገር ተኝቷል። እሾሃም ነው፤ ደንጊያውን እንደ ጋቢ ተከናንቦታል። ቁመቱ ከጉልበታችን በታች፣ ስፋቱ ሦስት ክንድ።

«እሱማ ቀጋ ነው» አለች አክስታችን፣ ምን ብርቅ አገኛችሁ በሚል ድምፅ። «ፍየሏ ቀና ባለ ቁጥር እየቀጠፈች አስተኝታው ነው።»

ቀጋ! ከመካከላችን ቀጋ ያልበላ የለም። ከብት ጥበቃ ለእንግድነት ስንወጣ፣ ፍሬው አረንጓዴነቱን ጥሎ ወደ ብርቱካንማ ቀይ ሲመጣ፣ ከላይ ያለችውን ሥጋውን እየጋጥን ውስጡን እንጥል ነበር። ውስጡ ፀጉር አለው፤ ከዋጡት ጉሮሮ ያሳክካል። ያንኑ ፀጉር በጓደኛ ኮሌታ ውስጥ መጨመር ደግሞ የልጅነታችን ትልቁ ወንጀል ነበር። ይህ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ የጽጌረዳ ፍሬ ወገን መሆኑን ማን ነገረን? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ብርቱካን እንደ ልብ ማስገባት ሲያቅታቸው፣ ልጆችን ሳይቀር አሰማርተው የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እያስለቀሙ ለሕፃናት ሽሮፕ ይሠሩ ነበር። እኛ ኮሌታ ውስጥ እንጨምረዋለን።

ያን ቀን ማታ ያ ኢንተርኔት ላይ የሚያመሸው ወንድማችን እንቅልፍ አልወሰደውም። ቀጋ ጽጌረዳ ነች፤ ያውም ዝም ብላ ጽጌረዳ አይደለችም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትገኝ ብቸኛዋ ጽጌረዳ ናት። ጆን ሊንድሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው፣ ስለ ጽጌረዳ ብቻ በተጻፈ መጽሐፉ ውስጥ ሮዛ አቢሲኒካ በሚል ስም አስፍሯታል፤ የሐበሻ ጽጌረዳ መሆኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ ትበቅላለች። ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመንም አለች። አንዳንዴ ዛፍ ላይ ተንጠላጥላ ሰባት ሜትር ትደርሳለች፤ አንዳንዴ መሬት ለመሬት ትሄዳለች። አበባዋ ነጭ ነው፣ አምስት ቅጠል ያለው፣ በዘለላ የሚወጣ፣ ሽታው ደስ የሚል።

ያዙልን ያልናችሁን ነጭ አበባ አሁን መልሱልን። የዕፅዋት ሊቃውንት ጽጌረዳዎችን በየወገናቸው ሲከፍሉ፣ ሮዛ ዊቹራናንና የእኛን ቀጋ አንድ ወገን ውስጥ ነው የሚያስቀምጧቸው። የዚያ የፈረንጅ ምንጣፍ ሁሉ አያት የቀጋ የሥጋ ዘመድ ናት ማለት ነው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመዷን ፍለጋ ስንኳትን፣ እሷ አክስታችን እርከን ላይ ተኝታ ፍየል ይበላት ነበር።

አሁን ከባዱ ሥራ መጣ፤ እናታችንን ማሳመን።

«ቀጋ?» አለችን። «እኔ ግቢ? ልጆቼ፣ ቀጋ እኮ ለበረት አጥር ነው። አባቶቻችን ሲመነጥሩት የኖሩትን እሾህ እናንተ ተምራችሁ ተምራችሁ ልትተክሉት? ጎረቤት ምን ይላል?»

ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ቀልድ አይደለም። ቀይ ጽጌረዳ በር ላይ ማቆም ከተሜነት ነው። በጋ ላይ አረንጓዴ መሆኑ ራሱ «ይህ ቤት ውሃ የሚያመጣ ሰው አለው» ማለት ነው። ቀጋ ግን ገጠር ነው፤ የተውነው ነገር ነው። እናታችን ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ስትመጣ ከኋላዋ የተወችውን ነገር ልጆቿ በጆንያ ጠቅልለው ይዘውላት መጡ። እኛ ለእሷ ወገብ ስንጨነቅ እሷ ለክብሯ ተጨነቀች፤ ሁለቱም ትክክል ነው። በመጨረሻ «ከታች፣ ከመንገዱ በኩል ካልታየ» ብላ ፈቀደች። ከታች ደግሞ ያለው መንገዱ ብቻ ነው። እሷም ታውቃለች፤ ፈቃዷን እንደዚያ ነው የምትሰጠው።

አተካከሉን ለሚፈልግ እንናገር፤ ለማይፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለል። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲረጋ፣ ከአክስታችን እርከን ከተኛችዋ ቀጋ አርባ ቁራጭ ወሰድን። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም፣ የዘንድሮ ለጋም ያልሆነ፣ የጠና ግንድም ያልሆነ። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቀብረን ሁለት ሦስት አንጓ ብቻ ከላይ ተውን። በቀጥታ ተዳፋቱ ላይ አልተከልንም፤ ግድግዳ ሥር፣ ጥላ ያለበት መደብ ላይ ነበር ዓመቱን የከረሙት። ከአርባው ሃያ ሦስቱ ያዙ። ዘሩን መዝራት ይቻላል፤ ግን የጽጌረዳ ዘር ለመብቀል ይለግማል፣ የበቀለውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ቁራጭ ግን ያችው ራሷ ናት። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ተዳፋቱ ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ደንጊያ እየደረደርን፣ በመሃላቸው አንድ ሜትር ከግማሽ እየተውን ሃያውን አወረድናቸው። ሥራቸውን በገለባ ጎዘጎዝን። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ ሁለት ሁለት ሊትር ጠጡ፤ አብዛኛው የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ነበር። ሁለተኛውን በጋ ምንም። ቀና ብሎ የሚያድገውን ቅርንጫፍ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እንቆርጣለን፤ የፍየሏን ሥራ ወረስን ማለት ነው። ጎንበስ ያለውን መሬት ላይ በደንጊያ ጫን አድርገን አፈር ስናለብሰው እሱም ሥር ይሰዳል፤ ምንጣፉ የሚሰፋው እንዲህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከሦስት እጅ ሁለቱ ተሸፈነ። አበባው ከክረምቱ በኋላ መጣ፤ ቁልቁለቱ ነጭ ሆነ። እናታችን ስልክ ደውላ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ ቆይታ፣ ልትዘጋ ስትል «ያ እሾሃችሁ አብቧል» አለችን። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከእሷ አንጠብቅም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሐይቅና ደሴ መጣ። ብዙ ሰው እንደሆነው እኛም ሆንን። እናታችን አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች፤ በመኪናም በእግርም አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ደረሰች። ስለዚያ ጊዜ እዚህ ብዙ አንጽፍም፤ የከፋ ያየ ሰው ብዙ ነው። እኛ የምናስታውሰው እሷ በረንዳ ላይ ቆማ «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አበቦቹ የሚጠጡበት ቀን ነበር» ስትል ነው። ቤቱ ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ስልክ የለም። እሷ ግን ቀኑን ትቆጥራለች።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ከእኛ አንዱ አብሯት ሄደ። በሩ የለም። አጥሩ የለም፤ ለማገዶ ሆኗል። ዕቃው የለም። ከአሥራ አንዱ ቀይ ጽጌረዳ ሰባቱ ደርቀዋል፤ የቀሩትንም ከብት ጋጥቷቸዋል። በኋላ ከአራቱ ሥር ቅጠል ወጣ፤ ደስ አለን። ግን የአበባ እርሻ ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጣበቀ ነው። በሦስቱ ላይ የበቀለው ያ ከታች ያለው እንጂ ቀዩ አልነበረም። ቀዩ የተመለሰው አንዷ ላይ ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ያለችው ቀጋ ግን ነበረች። ጫፏን ከብት ቀምሷታል፤ ሰው ረግጧታል፤ ከሃያው ሁለቱ ከሥራቸው ተነቅለዋል። የቀረው አረንጓዴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጠብታ የሰጣት የለም፤ ያላትን ይዛ ቆየች። ፍሬዋም ቀልቶ ነበር። እናታችን በር የሌለው ቤት ውስጥ ከመግባቷ በፊት ወደዚያ ወርዳ ሁለት ሦስት ፍሬ ቀጥፋ በላች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣ አለቀሰች። ወንድማችን ምን እንደሚላት ጠፍቶት «አብሽሪ እማ» አላት። «እሾህ ወጋኝ እኮ ነው» አለችው።

ስለ «ብዙ እንክብካቤ የማትፈልግ» ተክል ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቅዳሜና እሑድ ማረፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። እኛም ስንጀምር የፈለግነው የእናታችን ወገብ እንዲያርፍ ነበር። ባለቤቱ ሳይወድ በግድ ትቷት ሲሄድ የምትጠብቅ ተክል ያስፈልገናል ብለን አላሰብንም፤ ማንስ ያስባል?

ቀጋን ግን መልአክ አናደርጋትም። እሾኋ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ኳስ የሚጫወት ልጅ ካለ ኳሱ በሕይወት አይመለስም። አበባዋ እንደ ቀይዋ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ አያብብም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ የሚቀረው ፍሬውና ቅጠሉ ነው። ዓመት ሳትገርዟት ብትቀሩ ምንጣፉ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ጫካ ይሆናል። ቆላ ላይ አትሞክሯት። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም አትሞክሯት፤ ጎረቤት ልብስ ያሰጣል። በረንዳ ላይ ትንንሽ አበባ የምታወጣዋ የማሰሮ ጽጌረዳ ትሻላለች።

የሚጠቅመው ነገር ደግሞ ካሰብነው ሰፋ ብሎ መጣ። ቀይዋ ጽጌረዳ ቅጠሏ ድርብርብ ስለሆነ ንብ መሃሏ መግባት ይቸግራታል። የቀጋ አበባ ግን እንደ ሰሐን ክፍት ነው፤ ንቦች ጠዋት ጠዋት የአበባ ብናኙን እግራቸው ላይ አስረው ሲሄዱ ይታያል። አፈሩም ቆመ። የእኛ አርባና አምሳ ካሬ ሜትር ለዓለም ምንም አይደለም። ግን ሐይቃችን የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ ከዙሪያው ተራራ ታጥቦ የገባ አፈር ገብቶ ይቀራል። ክረምት ላይ በግቢያችን በኩል የሚወርደው ውሃ ከድሮው ጠራ ብሎ ሲወርድ ስናይ ትንሽ ኩራት ይሰማናል። ትንሽ ብቻ።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐጂ ቀጋውን ስንተክል አላፊ አግዳሚውን «የእገሊት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እሾህ ተምረው መጡ» እያሉ ሲያስቁ የከረሙ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት በር ላይ መጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእሳቸውም ግቢ ቁልቁለት ነው። «እታለም፣ ከዚያች ከነጯ ትንሽ ቁራጭ ይገኝ ይሆን?» አሏት እናታችንን። እሷም ሳትቸኩል ቡናውን ቀዳችና «ሰኔ ላይ ይምጡ ሐጂ፣ አሁን ቢቆረጥ አይዝም» አለቻቸው። በሰኔ አሥር ቁራጭ ሰጠቻቸው። በነፃ አልነበረም፤ ሁለት ሸክም ፍግ ተቀብላለች።

ፍጉ የት እንደገባ እናውቃለን። ቀጋው ፍግ አልለመነም። በር ላይ ያችው ከአሥራ አንዱ የተረፈችው አንዷ ቀይ ጽጌረዳ አለች፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ግማሽ ግማሽ ባልዲ ትጠጣለች። የእሷንም ቦታ ለቀጋ እንስጠው ስንላት «እሷን ተዉልኝ» አለችን። ተውንላት።